ሳኖባር ኦፓና ሃያ ሦስቱ ፔርሙዞች

በየትም ሰፈር ቢሄዱ፣ እርስዎ ገና ሳያውቁት የጎደለብዎትን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። አፌን ሞልቼ እንዲህ ማለቴ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ያለዚህ ሰው የቆመ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ውሃ ይገባል፣ ቀጥሎ መብራት፣ ቀጥሎ እኚህ ሰው።

የእኛ ሰፈር ማርጊላን ከተማ ውስጥ፣ ከሐር ሸማኔዎቹ ጀርባ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ክብርት ሳኖባር ኦፓ ናቸው። ኦፓ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ዕድሜያቸው ገና ስድሳን ማለፉ ነው፣ ግን በሰማንያ ዓመታቸው ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ኦፓ ይሏቸዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዓይናቸውን ግን ምንም አላመመውም።

ኦፓ በር ላይ ቆመው ሰላም ሲሉ ሰላምታው ለወጉ ያህል ነው። "ደህና ነሽ? ቤቱ ደህና? ጤናው ደህና?" እያሉ ዓይናቸው በትከሻዎ በኩል አልፎ ጓዳ ደርሷል። መጋረጃው አጥሯል። የድስቱ እጀታ ወልቋል። ምንጣፉን አይጥ በልቶታል። "እስቲ ላስብበት" ብለው ይሄዳሉ። "እስቲ ላስብበት" ካሉ ነገሩ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ስልክዎ ጢን ይላል። ሊንክ ልከዋል። ሲነኩት የድስት እጀታ ነው፤ ልኩም የእርስዎው ድስት ልክ።

ሱቅ የላቸውም። ዕቃም አያስቀምጡም። ሥራቸው የሰውን ዕቃ ለሚያስፈልገው ሰው መጠቆም ነው። በላኩት ሊንክ ገብተው ከገዙ ሻጩ ለኦፓ ትንሽ ኮሚሽን ያስባል፣ ይኸው ነው። ስልክ ሳይመጣም በፊት ይህንኑ ነበር የሚሠሩት ይላሉ የሚያውቋቸው። ያኔ ኮሚሽኑ አንድ ሳህን ኮክ ወይም ምርቃት ነበር።

ሻይ ቤት ያለውን ሆሊክ አካን ልንገራችሁ፤ አካ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። እሱ ቤት ሽማግሌዎች ጫማቸውን አውልቀው ቆጥ ላይ ይወጡና፣ ሲወርዱ አንዱ የአንዱን ተጫምቶ ይሄዳል። ዓመት ሙሉ ጠብ ነበር። ኦፓ አንድ ጊዜ አልፈው አይተው፣ ቁጥር የተጻፈበት የጫማ መደርደሪያ ላኩለት። ጠቡ ቀረ። ሆሊክ አካ ግን አላመሰገነም።

"ኦፓ፣ ገበያዬን ገደሉት" አላቸው። "ድሮ ጫማው እስኪገኝ ሁለት ማንቆርቆሪያ ይጠጡ ነበር።"

"አንተ የጠፋ ጫማ ነው የምትሸጠው ወይስ ሻይ?" አሉት።

ለማይሆነው ሰው ደግሞ እምቢ ይላሉ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ማትሉባ፣ ጎረቤቷ ቤት የጁስ መፍጫ አይታ "ለእኔም ይላኩልኝ" ብላ ለመነቻቸው። "ጥርስ ያላቸው አራት ልጆች አሉሽ፣ እነሱ ይፍጩት" ብለው መለሷት። ማትሉባ ሳምንት አኮረፈች። በኋላ ግን ለሰው ሁሉ የምታወራው ይህንኑ ሆነ፦ "ኦፓ እኮ ለኪሳቸው ብለው አይሸጡም።"

እኔ ብርድ ልብስ እሰፋለሁ፣ ለሙሽሮች የሚሆነውን፣ ጥጥ የሚሞላውን። አንድ ሰሞን ስፌቴ እየተጣመመ አስቸገረኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ መናገር አይሆንልኝም። ኦፓ ለሰላምታ ብለው ገብተው አንዱን ብርድ ልብስ ገለበጥ አደረጉና፣ "ሮቢያ፣ እጅሽ ደህና ነው። ዓይንሽ ነው የደከመው" አሉኝ። "እስቲ ላስብበት።" መነጽሩ መጣ። ይህንንም የምጽፈው እሱን አድርጌ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሴት ባለፈው ክረምት ሠለጠኑ።

ዋና ከተማችን ታሽከንት ሆኖ በስልክ የሚያስተምር ክራባት ያሰረ ሰው ነበር። ኦፓ ደብተር ገዝተው፣ ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ አምስት ቀን ተማሩ። ሰውየው "ለማን ምን ይሆናል ብሎ ማሰብ ጊዜ ማጥፋት ነው" ይላል። "በቀን ሠላሳ ሊንክ ይላኩ። ለሁሉም ይላኩ። መረቡ ከሰፋ አንድ ዓሣ አይጠፋም።" ደግሞ አንድ ዘዴ ሰጣቸው። በእያንዳንዱ ሊንክ ላይ "አንቺን ሳይ ይህ ትዝ አለኝ" ተብሎ ይጻፍ አለ። ወንዱ ላይ "አንተን ሳይ" ይባላል።

ከዚያ ጀምሮ ሰፈሩ በጢን ጢን ታመሰ። ሆሊክ አካ መላጣ ነው፤ እሱን ሲያዩ የፀጉር መተኮሻ ትዝ አላቸው። ዓይናቸው የጠፋ አንድ አዛውንት ሲታዩ የግድግዳ ሥዕል ትዝ አላቸው። እኔን ሲያዩ የዓሣ መንጠቆ፣ የጎረምሳ ብስክሌት፣ እና የሚነፋ የመዋኛ ገንዳ ትዝ አላቸው። ግቢዬ እኮ እኔና አንድ የወይን ሐረግ ነን።

ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የስልኩን ድምፅ አጠፋ። ቀጥሎ ኦፓ በመንገዱ ሲመጡ በሮች ቀስ እያሉ መዘጋት ጀመሩ። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፣ እንዲያው በሮቹ ብቻ። አንድ ቀን እኔም ኮቴያቸውን ሰምቼ፣ መርፌዬን እንደያዝኩ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ አንኳኩ። ከዚያ ሄዱ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አካሄዳቸው ይለያል፤ እስኪርቁ ድረስ ሰማሁት። ያንን ቀን አልወደውም።

በፀደይ የማትሉባ ልጅ ዲልናቮዝ ቁቫ የሚባል ከተማ ላለ ልጅ ልትዳር ሆነ። ኦፓ ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ አንድ ሊንክ ላኩ። ሦስት ሊትር የሚይዝ፣ ቀይ አበባ ያለበት የሻይ ፔርሙዝ ነው፣ ለሠርግ ስጦታ የሚሆን። በላዩ ላይ ያው "አንቺን ሳይ ይህ ትዝ አለኝ" ተብሏል።

እዚህ ላይ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ሰው በኦፓ ሊንክ ተሰላችቷል፤ ግን ይህኛው ፔርሙዝ በእውነት ያምር ነበር፣ ዋጋውም አይከብድም። ስለዚህ እያንዳንዷ፣ "በመጨረሻ ኦፓ ወደ ልባቸው ተመለሱ፣ ለእኔ አስበው መረጡልኝ" አለች። እያንዳንዷም ጎረቤቷ እንዳትቀዳባት አፏን ዘግታ ገዛች። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼው ስለነበር ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔም አፌን ዘጋሁና ገዛሁ።

በእኛ ዘንድ የሙሽራዋ ጥሎሽ፣ ይዛው የምትገባው የቤት ዕቃ ማለት ነው፣ ወደ ባሏ ቤት ከመሄዱ ከሦስት ቀን በፊት፣ የአማቾቹ ወገን ሴቶች መጥተው ስጦታው በፊታቸው ይገለጣል። አንዲት አክስት እያንዳንዱን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ የሰጪዋን ስም ትጠራለች። ለሙሽራዋ ድስቱም፣ አልጋ ልብሱም፣ ሳህኑም የሚሞላው ከዚህ ስለሆነ፣ እናት ሌላ ብዙ አትገዛም። ሰው ያመጣል ብላ ነው የምትጠብቀው።

አክስቲቱ የመጀመሪያውን አነሣች፤ ፔርሙዝ። ሴቶቹ "ያምራል" አሉ። ሁለተኛው ፔርሙዝ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ስድስተኛው ላይ ከአማቾቹ ወገን ወፍራሟ ሴትዮ ወደ ጓደኛዋ ዘንበል ብላ፣ ግን ሁላችንም እንድንሰማ፣

"ልጅቷ ባል ነው የምታገባው ወይስ መናኸሪያ ላይ ሻይ ልትሸጥ ነው?" አለች።

የእኔ አሥራ ስድስተኛው ነበር። ስሜ ሲጠራ ምንጣፉ ውስጥ ብገባ በወደድኩ። አክስቲቱ መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ደከመና ከፍ ማድረጉን ትታ ዝም ብላ ትደረድር ጀመር። ሃያ ሦስተኛው የራሳቸው የኦፓ ነበር።

ዲልናቮዝ አንገቷን ደፍታለች። እንግዶቹ እየሳቁ ወጡ፤ በመንገድ ላይ "የፔርሙዟ ሙሽራ" ሲሏት ሰማን። እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከተለጠፈ ልጅ ወልዳም አይለቃትም።

ማትሉባ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

"ኦፓ" አለች፣ "ሰው ሁሉ እርስዎን አምኖ ነው የገዛው። እሑድ ጥሎሹ ይሄዳል። ድስት የላትም፣ ሳህን የላትም፣ መስታወት የላትም፣ ብርድ ልብስ የላትም። ልጄ ፔርሙዝ ለብሳ ትተኛ?"

ኦፓ ሃያ ሦስቱን ፔርሙዞች አንድ በአንድ አዩዋቸው። ከዚያ፣ "ለአንዷም አላሰብኩም" አሉ በቀስታ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። "እስቲ ላስብበት።"

በዚያ ቀን ከእኛ ሰፈር የሳቀ የለም።

ኦፓ በማግስቱ የዳቦ ጋጋሪውን ጋሪ ተውሰው፣ ፔርሙዞቹን ጭነው፣ ሰፈሩን ከጫፍ ጀመሩ። ስልካቸውን ቤት ትተውት ነበር። እንደ ድሮው በየበሩ እየቆሙ፣ ዓይናቸውን በሰው ትከሻ በኩል ይልኩ ጀመር። ፔርሙዙ ለሚያስፈልገው ይሰጡታል፤ በምትኩ ለሙሽራዋ የሚሆን፣ እሱ ዘንድ ያለ ሥራ የተቀመጠ ዕቃ ይወስዳሉ።

ሆሊክ አካ መጀመሪያ ኮራ። "ሻይ ቤት እያለኝ ፔርሙዝ?"

"ባዛሩ ውስጥ ያሉት ነጋዴዎች ሱቃቸውን ጥለው አይመጡልህም። አንተ ላክላቸው" አሉት። "ስድስት ይበቃሃል።"

"በምን?"

"በዚያ አቧራ በጠጣው የመዳብ ድስትና በሳህኖቹ። ከወንድምህ ሠርግ ወዲህ አልነካሃቸውም።"

"ጓዳዬን ማን አሳየዎት?" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ድስቱን ግን አወጣው።

ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ወሰደ፤ ትርፍ መስታወቱን ሰጠ። ሸማኔዎቹ አምስት ወሰዱ፤ ጫፉ ትንሽ የተበላሸ ጥሩ ሐር ሰጡ። የትምህርት ቤቱ ዘበኞች፣ ጤና ጣቢያው፣ መኪና ጠጋኞቹ፣ ሁሉም ደረሳቸው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ጋሪው ላይ ድስትና ሳህን፣ መስታወት፣ ሐርና ትራስ ተቆልሏል። የቀረው አንድ ፔርሙዝ ነው። ጥሎሹም ላይ የቀረው አንድ ነገር ነው፣ ብርድ ልብስ።

በሬን አንኳኩ። አሁን ግን ከፈትኩ።

ፔርሙዙን እንደታቀፉ ቆሙ። ዓይናቸው ጓዳ አልሄደም፣ እኔን ነው ያዩት። ከሣጥኔ ሥር ሰማያዊ ብርድ ልብስ እንዳለ ያውቃሉ። ሃያ ዓመት ሆነው። ለራሴ ሠርግ የሰፋሁት ነው፤ ሠርጉ ቀረ፣ ብርድ ልብሱ ቆየ። ያንን አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም፣ ዛሬም አላነሡም።

"ይህ ያንቺ ነው ሮቢያ" አሉ ፔርሙዙን ወደ እኔ ዘርግተው።

"ኦፓ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ" አልኳቸው። "ሦስት ሊትር ሻይ ምን አደርግበታለሁ?"

"እሱን አላውቅም መሰለሽ?" ብለው ምንጣፌ ላይ ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። "ሦስት ሊትር ለብቻ አይጠጣም። ሰው ይፈልጋል። ለዚህ እኮ ነው ያንቺ የሆነው።"

ሣጥኑን ከፈትኩ።

እሑድ ጥሎሹ ሲጫን ሰማያዊው ከላይ ነበር። ወፍራሟ ሴትዮ ጠርዙን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ "ይህንን ማን ሰፋው?" ብላ ጠየቀች። ማትሉባ ነገረቻት። ስለ ፔርሙዝ ያነሣ አልነበረም።

ኦፓ ለሁሉም ሊንክ ይልኩበት የነበረውን የስልክ ቻናል ዘግተውታል። አሁን ለአንድ ሰው አንድ ሊንክ ነው የሚልኩት፣ ስሙን ጠርተው፣ ያውም አስበውበት። ክራባት ያሰረውን ሰው ግን አልረሱትም። "ያ ልጅ አንገቱ ላይ ያሰረውን ነገር አጥብቆታል፣ ደም ወደ ላይ አይሄድለትም" ይላሉ።

በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ከሦስቱ ሊትር ሁለት ተኩሉን የሚጠጡት እሳቸው ናቸው። መጋረጃዬን ይነቅፋሉ፣ የወይን ሐረጌ አልተገረዘም ይላሉ፣ አማርጠው የተቀመጡበትን ትራስ ጠጠር ነው ይላሉ። አንዳንድ ቀን ማትሉባን ይዘው ይመጣሉ፤ ትናንት ደግሞ ሆሊክ አካ ሳይቀር፣ የራሱን ሻይ ቤት ትቶ፣ በር ላይ ቆሞ ጠጣ፤ ሁለት ሲኒ ብቻ ስላለኝ ተራ ጠብቆ ነው።

ኦፓ ሁለቱን ሲኒዎች አይተው፣ "እስቲ ላስብበት" ብለው ሄዱ።

የስልኬን ድምፅ ከፍቼ፣ ከስፌቱ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። እስካሁን አልጮኸም። በየመሐሉ አነሣና አየዋለሁ።