ለሱዳን ጎል እልል ያልኩ ሙሽራ

ዛሬ ቲክቶክ ላይ "ከሃዲዋ እማማ" ተብላ የምትዞረው ሴትዮ እኔ ነኝ!

አዎ፣ ያቺ ነጠላዋን እያውለበለበች እልል የምትለው። ሼር ያደረጋችሁም አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳንግላ፣ የልጅ ልጄ ዮናስ ቤት፣ ከነጓደኞቹ ተሰብስበን ብሔራዊ ቡድናችንን በቴሌቪዥን እናያለን። ከባላጋራዎቻችን አንዱ ኳሷን ከሩቅ መትቶ ጥግ ላይ ሰካት። እኔም ከሶፋው ብድግ ብዬ፣ እልልልል!



"እማማ፣ ያገቡብን እኮ እነሱ ናቸው!" አለ ዮናስ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ።

መች ጠፋኝ? መነጽሬን አድርጌያለሁ እኮ!

አንዱ ጓደኛው ለካ በስልኩ እየቀረጸኝ ነበር። ላይኩ በአንዴ በዛ፣ ኮሜንቱ ደግሞ ባይነበብ ይሻላል።

ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ስሙኝ። በዚህ ጉዳይ ስዋረድ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ካርቱም፣ ስታዲየም ውስጥ፣ በአካል ነው!

በስልሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ባለቤቴ ሙሉነህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዳንግላ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ኳስ ከተባለ እንቅልፍ የለውም። የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ሊደረግ ነው ሲባል፣ ሾፌር ጓደኞቹን አስተባብሮ በመተማ በኩል ለመሄድ ተነሣ። እኔን አዲስ ሙሽራውንም "አንቺንስ ለማን ትቼሽ?" ብሎ ጋቢና አስገባኝ። የዚያን ጊዜ ሙሽራ ወንዝ እንኳ ብቻዋን አትወርድም፤ እኔ ግን ድንበር ተሻገርኩ!

አቤት ያ መንገድ! አቧራው፣ ሙቀቱ፣ ሙሉነህ እየነዳ የሚያንጎራጉረው እንጉርጉሮ። ዛሬ በአውሮፕላን ሄዶ ኳስ አይቶ የሚመለስ ሰው ምን እንደቀረበት አያውቅም።

እኔ በሕይወቴ የኳስ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። የማውቀው ፈረስ ነው። አባቴ ግምጃ ቤት የምትባል የአገው መንደር ፈረሰኛ፣ እኔም ጉግስ ሜዳ ዳር ያደግኩ። እኛ ቤት ደግሞ ሴት እልል የምትለው ላማረበት ነው። የወንድሟ ወገን ይሁን የባላጋራ፣ ያማረበትን ፈረሰኛ በዝምታ ያሳለፈች ሴት ንፉግ ትባላለች።

እናላችሁ ካርቱም ስታዲየም፣ የኛ ቡድን ከሱዳን ሲጫወት፣ አንዱ ሱዳናዊ ሁለት የኛን ልጆች በአብዶ አልፎ አገባ። ሲያምርበት!

እልልልል!

የኛ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ይባስ ብሎ ሱዳኖቹ ተነሥተው አጨበጨቡልኝ፣ አንዱማ ኦቾሎኒ ጋበዘኝ። ሙሉነህ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ።

ጨዋታውንም ተሸነፍን። ሾፌሮቹ እስከ መተማ ድረስ "የሱዳን ሙሽራ" እያሉ አበሸቁት። እሱ ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረም፣ ማንጎራጎሩም ቀረ። እኔ በመስኮት እያየሁ አለቅሳለሁ። እወደው ነበራ!

ዳንግላ ደረስን። ቤታችንን አለፈው!

ዝም ብሎ ወደ ኮሶበር፣ ወደ አሁኗ እንጅባራ ነዳው። ያኔ ገባኝ። ግምጃ ቤት፣ ለአባቴ ሊመልሰኝ ነው። መኪናውን ኮሶበር አቁሞ በእግር ስንጓዝ፣ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ያልጠራሁት ታቦት የለም።

አባቴን ደጅ ላይ ኮርቻ ሲጠግኑ አገኘናቸው። ሙሉነህ ተቀመጥ ሳይባል ክሱን ጀመረ። "አባባ፣ ልጅዎ በሰው አገር አዋረደችኝ። ባላጋራ ሲያገባ እልል አለች!"

አባቴ ቀና አሉ። "ሲያገባ አምሮበት ነበር?"

ሙሉነህ ተንተባተበ። ኳስ ወዳጅ ሆኖ እንዴት ይዋሽ? "እሱስ... አምሮበት ነበር።"

"ታዲያ ያንተን አፍ ምን ዘጋው?"

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ እናቴም ሳቁ። አገውኛ የማይሰማው ሙሉነህ "ምን አሉ?" አለኝ። ስንት ቀን ዘግቶኝ የመጀመሪያ ቃሉ ይኸው ነው! "ፈረስ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ነው፣ እንማረው አሉ" አልኩት። ሊቆጣ ብሎ ሳቅ አመለጠው፤ ስቆ ስቆ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ስንመለስ እጄን ይዞ ነው የሄደው፣ ሰው እያየ!

ከዚያ ወዲህ ዕድሜያችንን ሙሉ፣ ባላጋራ ጥሩ ጎል ባገባ ቁጥር በክርኑ ጎሸም ያደርገኝና፣ እየተናደደ፣ "በይ እንጂ፣ አምሮበታል" ይለኝ ነበር።

አሁን ግን ሶፋው ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ያ የቀረጸኝ ቲክቶከር ነበር። ሙሉነህ ናፈቀኝ፣ ምን ልዋሻችሁ።

ትምህርቱ? አንቺ ሴትዮ፣ እልል ከማለትሽ በፊት ከጎንሽ ማን እንደተቀመጠ እይ!