ለሽምግልና የተሰፋ እንግሊዝኛ

[ሆሳዕና፣ ከገበያው ጀርባ፣ የተረፈ ልብስ ስፌት ቤት። አርብ ከሰዓት በኋላ። ተረፈ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ መርፌ በጥርሱ ነክሶ፣ የፍፁምን ኮት ይለካል። ፍፁም የጎን ባለሱቅ ነው፤ ስልክና ከቨር ይሸጣል። ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየ እንግሊዝኛ ከተማረ ወዲህ ግን ከተማው ጠቦታል። ነገ ሽማግሌዎቹ ሚስት ሊጠይቁለት ዱራሜ ይሄዳሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ፣ ጉድ ፈላ፣ ይኸው ተረፈ ነው።]

ፍፁም፦ ሆቴል አይደለም አልኩህ! ሆ-ቴ-ል!

ተረፈ፦ እኔስ ምን አልኩ? ሆቴል።

ፍፁም፦ አንተ “ሆ” ላይ ነው የምትጮኸው። “ሆ”ን ዋጥ አድርግና “ቴል” ላይ ውጣ።

ተረፈ፦ ኮት እየለካሁ የት ልውጣልህ? ክንድህን ዘርጋ፣ እጅጌው አጥሯል።

ፍፁም፦ ስትረስ ይባላል ይሄ። እንግሊዝኛ ውስጥ ስትረስ የሌለበት ቃል የለም።

ተረፈ፦ ምስኪን! ቃሉም እንደኛ? የቤት ኪራይ ነው ወይስ የልጆች ትምህርት ቤት?

ፍፁም፦ [ጣራውን እያየ] ጌታ ሆይ ትዕግስት ስጠኝ። ስትረስ ማለት ጉልበት ነው! የቃሉ ጉልበት ያለበት ቦታ!

ተረፈ፦ አሃ! ማጥበቅና ማላላት አትለኝም? እሱማ እንጀራዬ ነው። ወገብ ላይ ጠበቅ፣ ደረት ላይ ላላ።

ፍፁም፦ እንደዚያው ያዘው፣ ይሁን። “ፖሊስ” በል። “ሊስ” ላይ ጠበቅ።

ተረፈ፦ ፖሊስስስስ።

ፍፁም፦ ምን ነካህ፣ ጎማ ነው እንዴ የምታስተነፍሰው?

ተረፈ፦ አጥብቅ አልከኝ አጠበቅኩ! በቃ ሌላ ስጠኝ።

ፍፁም፦ እሺ፣ “ፎቶግራፍ”። ጉልበቱ “ፎ” ላይ ነው።

ተረፈ፦ ፎ-ቶግራፍ።

ፍፁም፦ ጎበዝ! አሁን አንሺውን ጥራው። “ፎቶግራፈር”። ጉልበቱ “ቶ” ላይ ነው።

ተረፈ፦ ቆይ፣ ቆይ። አሁን “ፎ” ላይ አልነበረም?

ፍፁም፦ ነበረ፤ ተዛወረ።

ተረፈ፦ ማን አዛወረው?

ፍፁም፦ ማንም! ሰውየው ሲመጣ ይዛወራል።

ተረፈ፦ እንዴት ያለ ነገር ነው! ሰላማዊት፣ ሚስቴ፣ ከጃጁራ ሆሳዕና ለመዛወር ያልለመነችው ቢሮ የለም፤ አስተማሪ ሆና፣ ልጅ አዝላ። ይሄ አንድ ፊደል ሲጨመርለት ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል?

[ፍፁም ግንባሩን በመዳፉ መታ። ተረፈ ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ነገሩ የእውነት ከንክኖታል።]

ተረፈ፦ ለመሆኑ ልጅ ልንጠይቅ አይደል የምንሄደው? ፖሊስና ፎቶ አንሺ ምን ያደርጉልናል?

ፍፁም፦ ምላስህን ላፍታታልህ ብዬ ነው! የሊዲያን አባት አታውቃቸውም። ጋሼ ተገኘ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አንዲት ስትረስ ብትስት በሩ ጥርቅም ነው። ሊዲያ ደግሞ ቁርጡን ነግራኛለች፤ “አባቴ እሺ ካላለ የለሁበትም” ብላለች።

ተረፈ፦ እንዲያ አለች?

ፍፁም፦ እንዲያ አለች። ተረፈ፣ ስሞትልህ፣ እወዳታለሁ። እሷን ካጣሁ ይቺን ሱቅ ዘግቼ ነው የምጠፋው።

[ተረፈ መርፌውን ከአፉ አወጣ። ይሄ ጉረኛ ስለ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቶት አያውቅም፤ አንጀቱን በላው።]

ተረፈ፦ ታዲያ ለምን ራስህ ደውለህ በዚያ እንግሊዝኛህ አትገጥማቸውም?

ፍፁም፦ ደውያለሁ እንጂ! ዛሬ ጠዋት።

ተረፈ፦ ሽማግሌ ሳይሄድ? ወግ ነው ይሄ?

ፍፁም፦ ስሜን መቼ ተናገርኩ! ሰላምታ ብቻ ነው። “ጉ-ድ ሞርኒንግ ሚስተር ተጌኔ” ብዬ ስለ ትምህርት፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ዓለም ሁኔታ፣ ከነስትረሱ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ ለቀቅኩባቸው።

ተረፈ፦ ምን አሉ?

ፍፁም፦ ምን ይላሉ? ተደምመው ቀሩ! አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ተረፈ፦ ምንም?

ፍፁም፦ መሃል ላይ “ጢጥ” የሚል ነገር ሰምቻለሁ። የዱራሜ ኔትወርክ ነው። ኋላ ደግሜ ብደውል አልገባ አለኝ። በል አሁን የአንተን ዓረፍተ ነገር ያዝ። በር ላይ ስትቆሙ “ጉድ አፍተርኑን ሰር፣ ዊ ሃቭ አን ኢምፖርታንት ሪኩዌስት።”

ተረፈ፦ እንዴ! ይሄ ሁሉ በአንድ ሰው አፍ?

ፍፁም፦ “ኑን” ላይ ጠበቅ፣ “ፖር” ላይ ጠበቅ፣ “ኩዌስት” ላይ ጠበቅ። ሌላው ላላ።

ተረፈ፦ [ጠመኔውን አንስቶ ኮቱ ላይ ሦስት ቦታ ምልክት እያደረገ] ኑን... ፖር... ኩዌስት። ኮቱን ለብሼው ብሄድ አይሻልም?

ፍፁም፦ የእኔን ኮት? የሰርጌን?

ተረፈ፦ እሱን ካልሰጠኸኝ ለሚጠፋው ኃላፊ አይደለሁም።

[ቅዳሜ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል። ያው ስፌት ቤት። ፍፁም አዲሱን ኮት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከምሳ ጀምሮ ደጅ ላይ ሲንጎራደድ ነው የዋለው። ተረፈ አቧራ ለብሶ ይገባል፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። የተረፈ ፊት ደግሞ ድሮም ምንም አይነበብበትም።]

ፍፁም፦ እህስ? “ኑን” ላይ ጠበቅክ?

ተረፈ፦ መጀመሪያ ውሃ ስጠኝ።

ፍፁም፦ ልቤ ልትወጣ ነው፣ አንተ ውሃ ትላለህ! እንካ! ተናገር!

ተረፈ፦ [ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ] ደረስን። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ጋሽ ዮሴፍ፣ ጸለዩ። እንደ ወጉ “ጥያቄያችን ካልተመለሰልን አንቀመጥም” ብለን በር ላይ ቆምን። ከዚያ ጋሽ ዮሴፍ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

ፍፁም፦ ተናገርክ!

ተረፈ፦ “ጉድ” አልኩ።

ፍፁም፦ እሰይ! ከዚያስ?

ተረፈ፦ እሱ ነው። “ጉድ” ብዬ ቀረሁ። ቀጥሎ ያለው የቱ ጋ እንደሚጠብቅ ድርግም አለብኝ። ካልጠበቀ ይጣመማል ብለኸኛል፤ ከሚጣመም ይቅርብን አልኩና ዝም። እናቷ ወይዘሮ ገነቴ የታመምኩ መስሏቸው ወንበር ይዘው ሮጡ።

ፍፁም፦ ገደልከኝ! በቁሜ ቀበርከኝ!

ተረፈ፦ ጋሼ ተገኘ “ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?” አሉኝ። እኔ ደግሞ በሽምግልና ላይ ቆሜ አልዋሽ፤ “ጋሼ፣ ለእርስዎ የሚደርስ እንግሊዝኛ ተሰጥቶኝ ነበር፤ መንገድ ላይ፣ አንጋጫ ሚኒባስ ስንቀይር ጠፋብኝ” አልኳቸው።

ፍፁም፦ [ኮቱን ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ] ምነው ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ተረፈ፦ ሳቁ።

ፍፁም፦ [ከኮቱ ስር] ማን?

ተረፈ፦ እሳቸው ናቸዋ። እንባቸው እስኪፈስ። የበሩን መቃን ይዘው ነው የሳቁት። “ዘመኔን ሙሉ ተማሪ የቤት ሥራዬን ቤት ረሳሁ ሲለኝ ኖሯል፤ እንግሊዝኛውን አንጋጫ የጣለ አንተ የመጀመሪያው ነህ! ግቡ!” አሉን።

ፍፁም፦ [ብቅ ብሎ] ግቡ? “ግቡ” አሉ?

ተረፈ፦ ገባን እንጂ። ከዚያማ ጨዋታው ደራ። እንግሊዝኛ ሲነሳ ጊዜ ትላንት ጠዋት ስለደወለላቸው ማሽን አጫወቱን።

ፍፁም፦ የምን ማሽን?

ተረፈ፦ እንግሊዝኛ የሚናገር። “ጉ-ድ ሞርኒንግ ሚስተር ተጌኔ” ብሎ ይጀምራል አሉ። ትንፋሽ የለው፣ ሳል የለው፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። “ለአማርኛ ሁለትን ተጫንኩ፤ እምቢ አለ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ጭራሽ ፈጠነ። የስሜ አጠራር ከነከነኝ እንጂ የሚለውስ አይከፋም ነበር። ኋላ ሲሰለቸኝ ቁጥሩን ብሎክ አደረግኩት” አሉ።

[ፍፁም በቀስታ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጠ።]

ፍፁም፦ ጢጥ...

ተረፈ፦ አዎ፣ ጢጥ። ኔትወርኩ።

ፍፁም፦ እሱ እኔ መሆኔን ነገርካቸው?

ተረፈ፦ ምን ቆርጦኝ! “እኔም ጋ ይመጣል ጋሼ፣ መድኃኒት የለውም” አልኳቸው። ይሄስ ውሸት ነው?

ፍፁም፦ ተረፈ... መልሱስ? ሊዲያስ? እሺ አሉ ወይስ እምቢ?

ተረፈ፦ ሁለቱንም አላሉም። “እናንተን ወድጃችኋለሁ። ልጁን ግን አላውቀውም። ዛሬ አመሻሽ ላይ እደውላለሁ፤ በራሱ አንደበት ያናግረኝ። ሰምቼው እመልሳለሁ” ነው ያሉት። የእኔን ቁጥር ይዘዋል።

ፍፁም፦ ዛሬ? በዚሁ ድምፄ? ያወቁኝ እንደሆነ አለቀልኝ እኮ!

[ተረፈ ሜትሩን አንገቱ ላይ አደረገ። ፍፁምን ክንዱን ይዞ አቆመው። በሕይወቱ ሰው አስተምሮ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ተራው የእሱ ነው።]

ተረፈ፦ ቀጥ በል። “ጋሼ ተገኘ፣ እንደምን ዋሉ” በል።

ፍፁም፦ ጋ-ሼይ ተጌኔ...

ተረፈ፦ ኧረ በፈጠረህ! አላላኸው! “ኘ” ላይ ጠበቅ! የሰው ስም ነው፣ ሆቴል አይደለም!

ፍፁም፦ ተገ... ተጌኝ... ምላሴ አልታዘዝ አለኝ!

ተረፈ፦ አንተ፣ እናትህን “ቡላ ስጭኝ” ስትላቸው ስትረሱ የቱ ጋ ነው?

ፍፁም፦ ኧረ እሱን... ዝም ብዬ ነው የምላቸው።

ተረፈ፦ እሳቸውንም ዝም ብለህ በላቸዋ!

[ስልኩ ጮኸ። ሁለቱም ዘለሉ። ተረፈ አንስቶ ድምፅ ማጉያውን ለቀቀው።]

ድምፅ ከስልኩ፦ ሃሎ፣ ተረፈ? በሰላም ገባችሁ? ልጁ አለ?

ተረፈ፦ በሰላም ጋሼ። አለ፣ አለ! ይኸው፣ አጠገቤ ነው።

[ስልኩን ፍፁም እጅ ውስጥ ወሸቀው። የፍፁም ላብ በአዲሱ ኮት ላይ ጠብ ጠብ ይላል።]

ፍፁም፦ ጉ-ድ... ኢ-ቭኒንግ፣ ሰ-ር...

[ከስልኩ ውስጥ የዱራሜ ውሾች ሲጮሁ ይሰማል። ከዚያ፦ ጢጥ።]

ተረፈ፦ [በሹክሹክታ] ቀይር! ሁለትን ተጭነዋል እኮ!

[ፍፁም ዓይኑን ጨፈነ።]

ፍፁም፦ ጋሼ ተገኘ፣ ፍፁም ነኝ። የትላንቱም እኔው ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ላስደስትዎት ብዬ ነበር። ሊዲያን እወዳታለሁ። ከእሷ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

[ተረፈ ሜትሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።]

ድምፅ ከስልኩ፦ ገነቴ! ገነቴ፣ ነይማ ስሚ! ያ ማሽን ተሠራ!

ፍፁም፦ ጋሼ... እና እንዴት ነው?

ድምፅ ከስልኩ፦ እንዴት ነው ይለኛል እንዴ! ነገ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ና፣ አማቶችህ ይጠብቁሃል። እንግሊዝኛህን ግን እንደ ጓደኛህ አንጋጫ ላይ ጥለኸው ና።