ያልተባለላቸው ሴቶች አውሮፕላን

ትናንት ማታ ጋደም ከማለቴ እንቅልፍ አፈፍ አድርጎ ወሰደኝና በሕልሜ ትምህርት ቤት አስገባኝ። በዕድሜዬ ደጁን ረግጬው የማላውቀውን ትምህርት ቤት! በስተርጅና ፊደል ሊያስቆጥሩኝ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ ፊደል የሚባል ነገር የለም። ሰሌዳ የለም፣ ጠመኔ የለም። ደወል ይደወላል፤ የሰፈሬ ሽማግሌና ባልቴት ሁሉ ጂንስ ሱሪና አጭር ቀሚስ ለብሶ፣ የደብተር ቦርሳ በጀርባው አዝሎ በኮሪደሩ ይወጣል ይወርዳል። ይተያያል፣ ያፍራል፣ ደግሞ ይወርዳል። ትምህርቱ ይኸው ነው። የልጅ ልጄ ሶልያና ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክላ የምታያቸው የጎረምሳና የኮረዳ ፍቅር ፊልሞች ሕግ ሆነው አገር ይገዙ ነበር።

ወዲያው ስሜ ተጠራ። «ሽማግሌዎቹ ተሰይመዋል፣ ግቢ» አሉኝ። ብገባ ሦስት የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ተደግፈው ወንበር ላይ ጉብ ብለዋል። መካከለኛዋ የራሴ ሶልያና ናት። እሷ ተቀምጣ እኔ ቆሜ!

«አንቺ ልጅ፣ ቀረብ በይ» አለችኝ።

«እሺ እመቤቴ፣ ምን አጥፍቼ ነው ያስጠሩኝ?» አልኳት። አፌ ራሱ አንቱ ይላታል። በውኔ ቢሆን በኩርኩም ነበር የምመልስላት።

«ከመንገሻ ጋር ባልና ሚስት ነን ትላላችሁ። እንዴት ተዋወቃችሁ? ስትጋጩ መጽሐፍሽ ወድቆ አነሳልሽ?»

«መጽሐፍ ከየት አመጣለሁ? የወደቀብኝ እንስራ ነው። እሱ በዚያ ሲያልፍ አየኝና ዝም ብሎ ሄደ። በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ።»

ልጆቹ ተያዩ። በስተግራ የተቀመጠው፣ ገና ጢም ያላበቀለው ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ።

«ቃሉን ሳይናገር?»

«ሽማግሌዎቹ ተናገሩለታ!»

«ተጣልታችሁስ በመስኮት ዝናብ እያየሽ አልቅሰሽለት ታውቂያለሽ?»

«ዝናብ ሲመጣ የምናየው የሚያፈሰውን ጣሪያ ነው። እሱ ባልዲ ያቀርባል፣ እኔ እሳደባለሁ።»

ሶልያና ከዘራዋን መሬት ላይ መታች። «ይህ ጋብቻ ገና አልተጀመረም» ብላ ፈረደች። «የፊልሙ ሙዚቃ ሳያልቅ መንገሻ በዝናብ እየሮጠ መጥቶ ሕዝብ ፊት ‹እወድሻለሁ› ይበልሽ። ካላለ አውሮፕላኑ ይወስድሻል።»

«ወዴት?»

«ያልተባለላቸው ሴቶች ወደሚሄዱበት።»

 ዘመኔን ሁሉ አብሬው ስኖር ያንን ቃል ከመንገሻ አፍ ሰምቼው አላውቅም። «ወጡ ጨው አንሶታል» ሲል ሰምቻለሁ። «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል» ሲልም ሰምቻለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

ዞር ስል ኮሪደሩ አየር ማረፊያ ሆኗል፤ አንድ ዘፋኝም የፍቅር ዘፈኑን ጀምሯል። «መጀመሪያ ግን ቆንጆ ትሁን» አለና ያ ጢም አልባ ሽማግሌ መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ መነጨቀኝ። ሕዝቡ «ኧረ ቁንጅና!» ብሎ አጨበጨበ። በፊልሙ ሕግ መነጽሯን ያወለቀች ሴት እዚያው ታምራለች። አምሬም ይሆናል፤ እኔ ግን እንኳን ባል ዝሆን ቢመጣ የማላይ ሆኜ ቀረሁ።

ሁለት ኮረዶች የውሃ ቦቴ ላይ ወጥተው በጎማ ዝናብ ያዘንቡብኝ ጀመር። ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ከርሟል፤ እነሱ ለፍቅር ብለው በቦቴ ይደፉታል! ጄሪካን አለመያዜ አንገበገበኝ።

«አጸደ! ነይ ግቢ እንጂ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ!» የሚል ድምፅ ከአውሮፕላኑ ደረጃ መጣ። ጎረቤቴ የሺመቤት ናት።

«አንቺም አልተባለልሽም?»

«ሰባት ወልጄለት! ነይ፣ በመስኮት በኩል ነው።»

«የኔው ይመጣል» አልኳት። ለኩራቴ ነው እንጂ እኔም አላመንኩት። ዘፋኙ ዘፈኑን ወደ ማለቂያው እያስጠጋው ነው። ብዥ ያሉ ወንዶች አበባ ይዘው በአጠገቤ ይሮጣሉ። አንዱን ለቀም አደረግሁት፤ የሰው ባል ነው። ሌላውን አቀፍኩት፤ እሱ ደግሞ ምሰሶ ነው።

ሳል ሰማሁ። የመንገሻ ሳል ነው፣ በሺህ ሰው መካከል አይጠፋኝም። በታመመ ጉልበቱ እያነከሰ፣ ልብሱ ርሶ ገላው ላይ ተለጥፎ መጣ። ልጆቹ «በል! በል! በል!» እያሉ መሬቱን በከዘራ ይደበድባሉ።

«አጸደ…» አለ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«አቤት!»

«የግፊት መድኃኒትሽን ዋጥሽ?»

«አይቆጠርም!» ብላ ሶልያና ጮኸች።

«ነጠላ እንኳ ሳትደርቢ… ብርድ ይመታሻል እኮ።»

«አይቆጠርም!»

አውሮፕላኑ ማጓራት ጀመረ። እግሬ በራሱ ወደ ደረጃው ይሳባል፤ ብይዘው ብይዘው እምቢ አለኝ።

«አንተ ሰው፣ በለው እንጂ! አንድ ቃል ናት! ጥርስ ታስነቅላለች?» አልኩት። ሰው እንዲህ ለምኜ አላውቅም።

መንገሻ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ወደ ጆሮዬ ተጠጋና አፉን ከፈተ፤ «እ…» ሲል ነቃሁ።

ነግቷል። መንገሻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ያጠልቃል።

«በጠዋቱ ምን ያስጮህሻል?» አለኝ።

አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። አንዱ እግሩ ባዶውን እንደተንጠለጠለ አዳመጠኝ።

«ከዚያስ? አልኩ?»

«አፍህን ስትከፍት ነቃሁ።»

ባዶ እግሩን ቁልቁል አየ።

«እንግዲያው መልሰሽ ተኚ» አለኝና ሁለተኛውን ካልሲ ፍለጋ አልጋው ሥር ጎነበሰ።