ጋሼ ምዕራፍ ዝም ያሉ ጊዜ

በየሰፈሩ፣ ማንም ያልጠየቀውን ታሪክ ከሥር መሠረቱ ካላስረዳ እህል የማይወርድለት አንድ ሰው አለ። አንዳንዱ ስለ ሕመሙ ያስረዳል፣ አንዳንዱ ስለ ልጆቹ ጉብዝና። የእኛ ሰፈር ግን የታደለ ነውና፣ የደረሰው ስለ ሙታን መናፍስት የሚያስረዳ ፀጉር አስተካካይ ነው።

እኚህ ክቡር ሰው ጋሼ ምዕራፍ ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ የተቀመጠ ሁሉ «እሱ እንኳ ባለፈው ምዕራፍ ነው» የምትለዋን አነጋገራቸውን ሳይሰማ አይነሳም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ የጃፓን ማንጋ፣ ያው በሥዕል የሚተረክ ልብወለድ፣ ይከታተላሉ። አርባ ቅጽ አልፎታል። ባለታሪኳ ቁልፍ ሠሪ ልጅ ናት፤ ሰው የሚሸሸው ቤት ውስጥ እየገባች፣ መውጫው የጠፋባቸውን መናፍስት ትሸኝና በሩን ከኋላቸው ትቆልፋለች። ይህን የማውቀው አንብቤ እንዳይመስላችሁ። ስድስት ዓመት፣ በየሦስት ሳምንቱ፣ ነጭ ጨርቅ አንገቴ ላይ ታስሮብኝ የሰማሁት ነው።

ችግሩ ታሪኩ ሲግል መቀሱ መቆሙ ነው። አንድ ጊዜ ልጅቷ ከጉድጓድ መንፈስ ጋር ስትታገል፣ ግራዬ ተቆርጦ ቀኜ እንዳለ አርባ ደቂቃ ተቀምጫለሁ። የአንድ ነጋዴ ጉንጭ ላይ የተቀባ አረፋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንድ ቀጠሮ ያለበት ጠበቃ ደግሞ ተሳስቶ «ጋሼ፣ በአጭሩ፣ ልጅቷ ተረፈች ወይስ አልተረፈችም?» አላቸው። «በአጭሩ የሚባል ነገር የለም» አሉት፣ «ከሁለተኛው ቅጽ እንነሳ።» ጠበቃው ፍርድ ቤት የደረሰው ዳኛው ከተነሱ በኋላ ነው።

ባለፈው ቅጽ መጨረሻ ላይ ልጅቷን ያሳደጓት አረጋዊ መምህር ሞቱ። ጋሼ ምዕራፍ ሐዘን ተቀመጡ ማለት ይቻላል። በዚያው ሳምንት እኔ ወንበራቸው ላይ ወጣሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበረብኝ።

«መምህሩ እኮ...» ብለው ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዛሬ ታሪኩን ይተዉት። ፀጉሬን ብቻ ይቁረጡልኝ።»

«እሺ» አሉ።

በአሥራ ሁለት ደቂቃ ጨረሱ። በሕይወቴ እንደዚያ አምሮብኝ አያውቅም። ሥራውንም አገኘሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ ከአፋቸው የወጣው «ዘንበል በል» እና «ቀና በል» ብቻ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ለተቀመጠውም እንዲሁ። ቤቱ የጥርስ ሐኪም መጠበቂያ መሰለ። ከመጋረጃው ማዶ የሴቶች ፀጉር የሚሠሩት ባለቤታቸው በር ላይ ያዙኝ።

«ወንድሜ፣ ምን ብለኸው ነው?»

«ኧረ ምንም አላልኩም።»

«ካንተ ቀን ጀምሮ ማንንም አላጫወተም። ‹የሰው ጊዜ አልበላም› ይለኛል። አዲሱ ታሪክ እንኳ ተጀምሯል፤ ስጠይቀው አላነበብኩም አለ። ሃያ ዓመት ዝም በል ስለው ኖሬ፣ አሁን ዝም ሲል ቤቱ አስጠላኝ።»

አንጀቴን በሉት። በማግስቱ የምሳ ሰዓቴን ሠውቼ የአዲሱን ታሪክ መጀመሪያ ፈልጌ አነበብኩ። መናፍስቱ ማን ማን እንደሆኑ ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝን ግን ያዝኩና፣ ፀጉሬ ገና ለመቆረጥ ሳይደርስ፣ ከሥራ በፊት ማለዳ ወደ ጋሼ ሄድኩ። ጋሼ ምዕራፍ ራሴን አዩና ጨርቁን አሰሩልኝ።

«አዲሱ ታሪክ ተጀመረ አሉ» አልኩ።

«አሉ።»

«ልጅቷ ለመርከቦች የሚያበራውን የደሴቱን ማማ ልትቆልፍ ሄደች። ከውስጥ የሚያንኳኩት የሞቱት መምህሯ ናቸው።»

መቀሱ ጠቅ ጠቅ ማለቱን ቀጠለ። ያን ጊዜ ሆን ብዬ ታሪኩን ማበላሸት ጀመርኩ።

«ሦስት ጊዜ አንኳኩ። በሩ የብረት ነው።»

መቀሱ ቆመ።

«የእንጨት ነው» አሉ።

«ብረት መሰለኝ።»

«እንጨት ነው አልኩህ። የተንኳኳውም አራቴ ነው። ሦስቴ የሚያንኳኳ ሰው ነው፤ አራቴ የሚያንኳኳ መንፈስ ነው። እሱ እንኳ በዘጠነኛው ቅጽ...» ብለው አፋቸውን ገጠሙ። መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ስንት ጊዜ አነበቡት?»

«አምስት» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉን?»

ማበጠሪያውን ደጋግመው ጠረጉ። «ያን ቀን ልብህ እንደተሰቀለ አላየሁም። እኔ ስለ መናፍስት ሳወራ ወንበሬ ላይ ያለውን ሰው አላየሁትም። ከአንተ በኋላ፣ ስንቱን አስረፍጄ ይሆን ብዬ ቆጠርኩ። ቆጥሬ አልጨረስኩም።»

ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ቃሉ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ነበር። «ጋሼ፣ አራቴ ማንኳኳት መንፈስ መሆኑን ስድስት ዓመት ሳይነግሩኝ ኖረዋል። ዛሬ አልቸኩልም። ከዘጠነኛው ቅጽ ይነሱልኝ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትከሻቸው ሰፋ፣ ቁመታቸውም የጨመረ መሰለኝ። ወዲያው ከማዶ ሲጮህ የነበረው የፀጉር ማድረቂያ ጸጥ አለ፤ መጋረጃው ተገለጠና ባለቤታቸው፣ ፀጉሯ ግማሹ ብቻ የደረቀላትን ደንበኛቸውን አስከትለው ብቅ አሉ።

«ቆይ፣ ሳትጀምር» አሉና ሁለት ወንበር ሳቡ።

እኔም ስልኬን ከጨርቁ ሥር አወጣሁና ለአዲሱ አለቃዬ ደወልኩ። የራስ ጉዳይ ገጥሞኝ አረፍዳለሁ አልኩት፤ ደግሞም አልዋሸሁም።