ከሐጂ ሰይድ ቀጥሎ

ሁለተኛ ሆኖ መሾም ብቻን ያስቀራል። መጀመሪያ የተሾመውን ሰው ሁሉም ይወደዋል፤ ከእሱ በፊት ማንም ስላልነበረ ስህተቱ እንኳ ደንብ ሆኖ ይጸድቅለታል። ሦስተኛው ደግሞ የተበላሸውን ሁሉ በሁለተኛው እያሳበበ በሰላም ይኖራል። ሁለተኛው ግን የሚቀመጥበት ወንበር ገና ከሌላ ሰው ሙቀት አልበረደም። እናንተ ከተወደደ ሰው ቀጥላችሁ ተሹማችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ አይድረስባችሁ ብዬ ልለፍ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጎንደር ውስጥ ታሪክ አስተምር ነበር። የአሜሪካ ታሪክ ላይ ስንደርስ የመጀመሪያውን ፕሬዝዳንት ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛውን ስጠይቅ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። እኔ የምወደው ግን ያንን ጣሪያ የሚያሳየውን ሰውዬ ነበር። አገር ምድሩ ከሚወደው ጄኔራል ቀጥሎ ተሾመና የጄኔራሉን ሚኒስትሮች እንዳሉ ተቀበለ፤ እነሱም ፊት ለፊት እሺ እያሉት በጓሮ የሌላ ሰው ምክር ይሰሙ ጀመር። ምክትሉ የድሮ ወዳጁ ነበር፤ ቆይቶ የተቃዋሚዎቹ መሪ ሆነ። የገዛ ወገኖቹ ከፈረንሳይ ጋር ካልተዋጋን ሲሉ እሱ መልእክተኛ ልኮ መደራደርን መረጠ። ይህንን ለዓመታት ሳስተምር፣ አንድ ቀን በምኖርበት በአዘዞ በእኔ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።

የሰፈራችንን እድር ያቋቋሙት ሐጂ ሰይድ ናቸው። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ሥር እንዲላቀስ ያደረጉ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው «በቃኝ» አሉ፤ ስብሰባው ውስጥ ዓይኑን ያልጠረገ አልነበረም። ከዚያ ማን ይተካቸው ሲባል እኔ ተጠቆምኩ። ሌላ ሰው ሲመረጥ እውቀቱ ወይም ታማኝነቱ ይነሣል። ለእኔ የተነሣልኝ «ጊዜ አለው» የሚል ነበር።

እውነትም ጊዜ ነበረኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ፣ ልጆቹም አንዱ ሐዋሳ አንዷ አዳማ ከሆኑ ወዲህ፣ ከጊዜ በቀር ቤቴ ውስጥ ምንም አልነበረም። ሹመቱን በደስታ ተቀበልኩ፤ ከእንግዲህ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አይጠፋም ብዬ። ማንም አላንኳኳም። ኮሚቴው በሙሉ የሐጂ ኮሚቴ ነበር። ስብሰባ ላይ የምለውን አዳምጦ ይወጣና በሐጂ ቤት በኩል ዞሮ ሌላ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ሐጂ አልጠሯቸውም፤ የመጣውን ሁሉ ሻይ ማጠጣት እንጂ ሌላ ጥፋት የለባቸውም። ምክትሌ ጥላሁን ደግሞ የአጥር ጎረቤቴ ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል፤ ባለቤቴ ስትሞት ከአጠገቤ ያልጠፋ ሰው ነው።

ታዲያ የላይኛው ሰፈር እድር ትልቁን ድንኳናችንን ለለቅሶ ተዋሰ። ንፋስ መጣና ከመሀሉ ተረተረው። እነሱ «ድንኳኑ ያረጀ ነው» አሉ፤ እኛ «አተካከሉን አታውቁበትም» አልን፤ ድንኳኑም ሳይመለስ ቀረ። አባላት ተሰብስበው ከእንግዲህ የእነሱ ቀብር ላይ ማንም እንዳይገኝ፣ የተገኘም እንዲቀጣ ይወሰን አሉ። ከሁሉ አሳምሮ የተናገረው ጥላሁን ነበር። ተጨበጨበለት።

እኔም ተነሥቼ «የተጣላነው ከድንኳኑ ነው ወይስ ከሬሳው?» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ሳላነጋግራቸው እንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ አልፈርምም አልኩና ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰላምታ አጠረ። ጥላሁን በአጥሩ በኩል ሲያየኝ ወደ ቤቱ የሚያስገባው አንድ ሥራ አያጣም። ያ አሜሪካዊ ቢያንስ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍላት ሚስት ነበረችው።

የላይኛው እድር ሰብሳቢ አያ ደሴ ይባላሉ፤ አምባ ጊዮርጊስ ሲያርሱ ኖረው በእርጅና ልጆቻቸው ዘንድ አዘዞ የገቡ ናቸው። ላነጋግራቸው ቤታቸው ስሄድ በራቸው ላይ ቆመው ወደ ኋላዬ ተመለከቱ።

«ምነው ብቻህን መጣህ፣ መምህር?»

«አብሮኝ የሚመጣ አጣሁ።»

ከበሩ ገለል አሉና «እኔም እንዳላነጋግርህ ተከልክያለሁ። ግባ» አሉኝ።

ሁለት ሰብሳቢዎች፣ ያለ አንድ ተከታይ፣ በሰላም ተስማማን። እነሱ ድንኳኑን በሸራ ሰፊ አሰፍተው ሊመልሱ፤ ቀብርም እንደ ቀድሞው ሊሆን። «ሸጋ ነው» አሉ አያ ደሴ፤ «ብቻ የኔዎቹን እስካግባባ ለማንም አታውራብኝ።» አላወራሁም።

እሳቸው እያግባቡ ሳለ የእኛ ጠቅላላ ጉባኤ ደረሰ። ምን ይዘህ መጣህ ተባልኩ። ዝም አልኩ። ጥላሁን ተመረጠ። የዚያ አሜሪካዊም የሰላም ወሬ ምርጫው ካመለጠው በኋላ ደረሰ ይባላል፤ ተተኪው ቃለ መሐላ ሊፈጽም ሲል እሱ በማለዳ ከተማውን ለቆ ወጣ። እኔም የርክክቡ ዕለት የመጋዘኑን ቁልፍ ለጸሐፊው ሰጥቼ በጠዋት ሚኒባስ ጎንደር ፒያሳ ወጣሁ። ፒያሳ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም።

ሳምንት ሳይሞላ ድንኳኑ በመኪና ተጭኖ፣ አምሮ ተሰፍቶ መጣ። ለጥላሁን ተጨበጨበለት።

ብዙም ሳይቆይ የአያ ደሴ ባለቤት አረፉ። የእኛ እድር በሙሉ ወጣ፤ የእነሱ ድንኳን ስላልበቃ የእኛም ተጨመረ። አያ ደሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት መሬት ያያሉ። ሰው ሁሉ ተበትኖ ወደ ባዶው ክፍል ሲገቡ ምን እንደሚጠብቃቸው አውቅ ነበርና ደጋግሜ ላያቸው አልቻልኩም፤ ሄጄ ሐጂ ሰይድ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከኋላችን አንዱ «በሐጂ ጊዜ እንዲህ ያለ ጠብ መች ነበር!» ሲል ተሰማ።

ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «በእኔ ጊዜ ድንኳኑ አዲስ ነበር» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። ለቅሶ ቤት እኮ ነው። ፊቴን በጋቢዬ ሸፍኜ አጎነበስኩ፤ ትከሻዬ ግን ይንቀጠቀጣል። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ተነሥቶ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ጥላሁን ነበር።

«አይዞህ» አለኝ፤ «ባለቤትህ ትዝ ብላህ ነው። አይዞህ።» እጁንም ጀርባዬ ላይ አደረገ።

እየሳቅኩ ነው ልለው ነበር። ግን ሰው ከነካኝ ብዙ ጊዜዬ ነውና እጁን እንዳያነሣው ፈራሁ፤ ጋቢውንም አልገለጥኩም፤ ሳቁም የት እንደገባ ሳላውቀው ጠፍቶ ከምሬ አለቀስኩ።