ፊደል ያልቆጠሩት የደረጃ ተማሪ

ሪፖርት የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ሐይቅ ከተማ አጋጥሞኛል፤ መንግሥት በጀት የሚመድብለት የኦንላይን ትምህርት ቤት አስተባባሪ ነው። በጀቱ የሚለቀቀው በተመዘገበ ተማሪ ልክ ስለሆነ፣ የሰውየው ተማሪዎች በየዓመቱ ይበዛሉ። የሚቀር የለም፤ የሚወድቅም የለም። እኔም የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሪፖርቱን ሳላነብ እፈርም ነበር።

ባለፈው ስብሰባ ግን ወላጆች የተማሪዎቹ ስም ጮክ ተብሎ ይነበብ አሉ። አስተባባሪው "ዘይነባ ይማም፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ሁለተኛ የወጣች" ብሎ ሲያነብ፣ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙት ወይዘሮ ዘይነባ ከኋላ ተነሡ። የተነበበው፣ ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ በወላጅነት የሰጡት የራሳቸው ስም ነው።

"ወላሂ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉ።

አስተባባሪውን ላብ አጠመቀው። "የጽሑፍ ስህተት ነው እትዬ፤ ስምዎን አሁኑኑ እሰርዛለሁ።"

"ለምን ትሰርዘዋለህ? በስሜ በጀት ወስደህበታል፤ አስተምረኝ እንጂ።"

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። በማግስቱ ደብተር ይዘው ቢሮው በር ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን እኔም አፍሬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ሌሎች ወላጆችም ተከተሉን። በሳምንቱ ወሬው የደረሰው ወረዳ ደንቡን ለወጠ፦ ኮሚቴው እያንዳንዱን ተማሪ ጠርቶ የተማረውን ሳይጠይቅ በጀት አይለቀቅም። ዝርዝሩ ከግማሽ በታች ወረደ። ወይዘሮ ዘይነባን ማስተማርም የአስተባባሪው ሥራ ሆነ።

"ትምህርት ቤቱን ዘጋችሁት" አለኝ አንድ ቀን፣ እያስተማራቸው።

"አብሽር ልጄ፣ ገና መከፈቱ ነው" አሉት ወይዘሮ ዘይነባ፣ "ሐ"ን ጨርሰው ወደ "መ" እየተሻገሩ።