የእትዬ ድሩሲላ ባለ ሁለት ፊት ማራገቢያ

ለንደን፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1741። አክስቴ እትዬ ድሩሲላ በአዲሱ ማራገቢያቸው ላይ የጀመሩትን ዝይ ሳይጨርሱ አረፉ። ሆዱ ተስሏል፤ አንገቱ ገና ነው። ዝዩ ማን እንደሆነ ግን ሆዱን ያየ ሁሉ ያውቃል።

በየዘመድ አዝማዱ አፏን የማትይዝ አንዲት አክስት አትጠፋም። የእኔዋ አፋቸውን ዘግተውም ይናገሩ ነበር። አዲስ ግብር በታወጀ ማግስት ሚኒስትሩን በማራገቢያቸው ላይ ስለው ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ። ስብከቱ ሲረዝም የምእመኑ ዓይን ወደ እሳቸው ይዞራል። ውጭ በረዶ እየጣለ "ምን ላድርግ፣ ሞቀኝ" ይላሉ።

እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የዘለቅሁ፣ አንዲት ነጥብ ብትሳሳት እንቅልፍ የማይወስደኝ የመንግሥት መዝገብ ጠባቂ ነኝ። ባለፈው ኖቬምበር ለዋና ሹምነት ታጨሁና አለቃዬ ሰር አምብሮዝ ከነአክስቴ እራት ጠሩኝ። እትዬን ለምኜ፣ ተለማምጬ፣ አበባ ያለበት ማራገቢያ እንዲይዙ ቃል አስገባኋቸው። እውነትም አበባ ይዘው መጡ። በብልሃቴ ኮራሁ።

ለካ አበባው በእንግዶቹ በኩል ኖሯል። በእሳቸው በኩል ሚኒስትሩ የሕዝቡን ዳቦ የሚውጥ ዝይ ሆነው ተቀምጠዋል። ከእትዬ ጀርባ ደግሞ ትልቅ መስታወት ተሰቅሏል። ሰር አምብሮዝ በመስታወቱ ውስጥ አዩና ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"እሜቴ፣ ይህ ዝይ ማነው?"

"ጌታዬ ያላወቁትን እኔ በምን አውቄ?"

ነገሩ በዚሁ ሊያልፍ ነበር። እኔ ግን ተምሬያለሁና ስለ ዝይ እርባታ ማብራሪያ ጀመርኩ። በጭንቀት መሃል "የክቡር ሚኒስትሩም ሆድ በዚህ ወቅት በተፈጥሮ ይሰፋል" አልኩ። ገበታው ሁሉ ሳቀ፤ ሰር አምብሮዝ ብቻ አልሳቁም። በሳምንቱ አሮጌ መዝገብ ወደሚከማችበት እርጥብ ምድር ቤት ወረድኩ።

"እኔ የሳልኩት ሆድ ነው፤ ባለቤቱን የጠቆምከው አንተ ነህ" አሉኝ እትዬ። ሁለት ወር አኮረፍኳቸው። አንድም ቀን ማኩረፌን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ታመው ከመተኛታቸው በፊት በመጨረሻ የወጡት እኔ ወዳለሁበት ምድር ቤት ነው። ገበያ ሄደው ወፍራም የሱፍ ካልሲ ገዙና በጭቃው ውስጥ በእግራቸው መጡ። ለዘበኛው፣ የእህታቸው ልጅ እዚህ የተቀመጠው አይጦቹን ፊደል እንዲያስቆጥር መሆኑን ነግረው ገቡ።

"በል አድርገው።"

ሁለቱንም እግሬን እስካለብስ ቆመው ጠበቁ።